የራቤል ድንጋዮች ለምን አልሞቁም

ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን

ሚኒባሱ ከመናኸሪያው ሲወጣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። የምሄደው ግሼ ራቤል ነው። ከሁለት ቀን በፊት ሰናይት ደውላ፣ «ድንጋዮቹ አልሞቁም። የጤና ጣቢያው ሰዎች ክፍሉን የዕቃ ማስቀመጫ ሊያደርጉት ነው። መጥተህ ብታየው» አለችኝ። ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆኖናል። በመሀል በስልክ እናወራለን፤ ያውም ስለ ሥራ ብቻ። «መጥተህ» የሚል ቃል ከአፏ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪ ስንማር በአንድ ኮምፒውተር ነበር የምንሠራው። የቀኑን የፀሐይ ሙቀት አጠራቅሞ ማታ ለክፍል የሚሰጥ የድንጋይ ሳጥን ማጥናት ፈለግን። የሚሸጠውን ሶፍትዌር የምንገዛበት አቅም ስላልነበረን ክፍት ምንጭ የሚባለውን፣ ማንም በነጻ አውርዶ ውስጡን ከፍቶ የሚያየውን ጫንን። አየር በድንጋዮቹ መሀል እንዴት እንደሚያልፍና ሙቀቱን የት እንደሚተው አስልቶ በሥዕል ያሳያል። የሚያስተምረን ሰው አልነበረም። አብሮት የመጣ አንድ ቀላል ምሳሌ ገልብጠን፣ አንዲት ቁጥር እየቀየርን የሚሆነውን እናያለን። መጀመሪያ ሰሞን የሳጥናችን ሙቀት ከፀሐይ በልጦ ስሌቱ ይቋረጥ ነበር። ሰናይት ሳቋ ካለፈ በኋላ፣ «እርምጃችን ረዝሞ ነው፤ በትንሽ በትንሹ እናስኬደው» ትላለች። እውነትም ጊዜውን አድቅቀን ስንከፋፍለው ስሌቱ ይረጋል።

ከዚያ እናቷ ታመሙ። ትምህርቱን እንደጨረሰች አገሯ ገባች፤ አሁን ራቤል ፊዚክስ ታስተምራለች። ሳጥኑንም በእኛው ስሌት መሠረት እዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ሠራችው።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ስለወፈረ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነዳ። ወደ መንዝ ከታጠፍን በኋላ ረዳቱ የሻንጣዬን ሽቦዎች አይቶ፣ «ሬዲዮ ጠጋኝ ነህ እንዴ?» አለኝ። «የድንጋይ ሐኪም ነኝ» ብለው ተሳፋሪው ሳቀ። ሞላሌ ስንደርስ መንገዱን በግ ሞልቶት ጥቂት ቆምን።

መሐል ሜዳ የገብስ እንጀራ በሽሮ በመቶ ሃያ ብር በላሁና የራቤል መኪና ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው። በግራ በቀኝ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ አልፎ አልፎ ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል፣ አንድ ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚሞቁ ጭላዳ ዝንጀሮዎች አየሁ። ስደርስ የምለውን ነገር መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር፤ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ራቤል

ሰናይት መኪናው የሚቆምበት ቦታ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ከሳህ» አለችኝ።

«አንቺም ጠቁረሻል» አልኳት። ሦስት ዓመት ጠብቄ ያልኩት ይህንኑ ነው።

በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። ሳጥኑ ያለው በእናቶች ማቆያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጣቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት። ጣሪያው ላይ ያለው ጥቁር ቆርቆሮ አየሩን ያሞቀዋል፣ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ደግሞ ወደ ድንጋዮቹ ትገፋዋለች። ክፍሉ ውስጥ ወርቄ የምትባል ነፍሰ ጡር ባና የሚባለውን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣለች።

«ይሞቃል ብለውኝ ነው የመጣሁት፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ከበጎቼ ጋር ብተኛ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ እገባለሁ።»

ቤቷ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሰናይት አንገቷን ደፋች።

የሳጥኑን መዝጊያ ከፍቼ እጄን ሰደድኩ። የላይኞቹ ድንጋዮች ያቃጥላሉ፤ የታችኞቹ በረዶ ናቸው። በመሀላቸው የሰካኋቸው ቴርሞሜትሮችም ይህንኑ አሉ። የእኛ ሥዕል ግን ሁሉም እኩል ይሞቃል ይል ነበር። ኮምፒውተሬን ከፍቼ የድሮውን ፋይል መስመር በመስመር አነበብኩ። ከዚያ አገኘሁት።

የገለበጥነው ምሳሌ የስበት አቅጣጫን በራሱ ሥዕል ልክ ነበር ያስቀመጠው። የእኛ ሳጥን ቁመቱ በሌላ መስመር ላይ ነው። ያን አልቀየርኩም። ለኮምፒውተሩ «ላይ» ማለት ወደ ጎን ነበር። አስተካክዬ በፍጥነት ባሰላው፣ ሞቃቱ አየር ከጎን ገብቶ የላይኞቹን ድንጋዮች ብቻ ዳብሶ ሲወጣ ታየ።

«ሰናይት፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሥዕሉን አየችው። «አረጋግጠኸዋል ወይ ብዬ ጠይቄህ አልነበረም?»

«ጠይቀሽኛል። አዎ አልኩሽ፤ ግን አላረጋገጥኩም። ያን ቀን ሻንጣሽን ስታዘጋጂ ነበር። ቁጥሩ አይታየኝም ነበር።»

«ይህን ድንጋይ ስንት ሴት በጀርባዋ እንዳመጣችው ታውቃለህ?» አለችና ወጣች።

እሑድ

ቅዳሴ እንዳለቀ መጣች። ስለ ትናንቱ አላነሳችም፤ የቆርቆሮ መቀስ ይዛለች። ከጥበቃው ከጋሽ ደምሴ ጋር አየሩን የሚያደርሰውን የቆርቆሮ ቧንቧ ነቅለን፣ ሞቃቱ አየር ከላይ ገብቶ ከታች እንዲወጣ አደረግን፤ ወደ ታች ሲገፋ ድንጋዮቹን ሁሉ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። የቀድሞውን ቀዳዳ በጭድና በጭቃ ደፈንን። ሰናይት ጭቃውን ስታቀብለኝ ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ሁለታችንም ሥራችንን ቀጠልን። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ጠርቶ ዋለ።

ሰኞ ማለዳ

ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ወርቄ ራሷን ሳትከናነብ በር ላይ ቆማ አገኘናት።

«ዛሬስ ባናውን ገፍፌው አደርኩ» አለች።

«ትገቢያለሽ እንግዲህ?» አለቻት ሰናይት እየፈራች።

«ወዴት? እዚሁ እወልዳለሁ እንጂ!»

ሰናይት ገባችና መዳፏን የታችኛው ድንጋይ ላይ አደረገች። ለብ ብሏል።

እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ፣ «ናፍቀሽኝ ነበር። ሥራው ሰበብ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔ ብትለኝ ኖሮ ቃልህን ይዤ እመጣ ነበር። አሁን እናቴን ትቼ የትም አልሄድም። ና አልልህም። አትምጣም አልልህም።»

አመሻሽ፣ ደብረ ብርሃን

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከጉዞው ያገኘሁት ምክር አጭር ነው። ከትንሽ ምሳሌ ጀምር፤ ስትገለብጥ ግን «ላይ» የቱ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ያላየኸውን አይቻለሁ አትበል። ሥዕሉ ያማረ እንደሆነም ሄደህ ድንጋዩን ንካው።

ቤት ስገባ አብራኝ የምትኖረው እህቴ አልማዝ ምስር እየለቀመች ነበር።

«አገኘሃት?»

«አገኘኋት።»

«ነገርካት?»

ሁሉንም ነገርኳት፣ የሰናይትን የመጨረሻ ቃል ሳይቀር። አልማዝ ሰፌዱን አስቀምጣ ቀና አለች።

«አትምጣ ካላለችህ ምን ልትሠራ ተመለስክ?»