ለብቻዋ የተሰቀለችው ጣሳ

ያን ቀን በድንኳናችን ደጃፍ የነበርነው እኔ፣ የሃያ ዓመት ልጄ ደሳለኝ፣ የስድስት ዓመት ልጄ ጥሩወርቅ፣ የነፍስ አባታችን ቄስ መንግሥቱ፣ የመጠለያው ክሊኒክ ሱዳናዊ ድሬሰር ዑስማን፣ እና ከሎሪው ሳይወርድ ጡሩምባ ይነፋ የነበረው ሾፌር ነን። ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው፤ ቦታው ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ የነበረ መጠለያ። ከዚያ ዘመን ብዙውን ረስቻለሁ። ያችን ጠዋት ግን አልረሳኋትም፤ መናገር የነበረብኝን ቃል የዋጥኩባት ጠዋት ናት።

ከጎንደር ቆላ ስንሰደድ ባለቤቴ መተማ ሳንደርስ መንገድ ላይ ቀረ። ሱዳን የገባነው ሦስት ሆነን ነው። ደሳለኝ ቁረይሻ ወደሚባል የእርሻ አገር ወርዶ ሰሊጥ አጨደ። አጨዳው ሲያልቅ የእርሻው ባለቤት ሥራውን ወዶለት አንድ ሳጥን ሲጋር ሰጠው። ሲጋራ አይደለም፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ በራሱ ቅጠል የተጠቀለለ ትምባሆ ነው። ልጄ ከዚያ በፊት አጭሶ አያውቅም ነበር። መጠለያ ከተመለሰ በኋላ ግን አርብ አርብ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጦ አንዳንድ ያጨስ ጀመር።

እኔ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ የምደነግጥ ሴት ነኝ። ያን ጭስ ባየሁ ቁጥር ደረቴን ይወጋኝ ነበር።

«እምዬ፣ ሰው በረሃብ እያለቀ አንቺ እኔን ሲጋር ይገድለዋል ብለሽ ትፈሪያለሽ?» ይለኝና ይስቃል። «ደግሞ ረሃቤን ያስረሳኛል።»

እውነቱን ነው፤ አርብ አርብ እራቱን ለእህቱ ይሰጣት ነበር። እኔም ሁለት ሐሳብ ሆንኩ። ቢተው ይሻለዋል እላለሁ። ተመልሼ ደግሞ ጥሩወርቅ ያችን እራት ስትበላ አያታለሁ።

ጭንቀቱ ሲበዛብኝ ዑስማንን ልጠይቀው ሄድኩ። ከመተማ ማዶ ገላባት ያደገ ስለሆነ አማርኛ እንደኛው ይናገራል። የልጄን ስም ማንሳት ግን አፈርኩ። በእኛ ዘንድ ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከቁርባን ይርቃል፣ ሰውም በጽዋው አይጠጣም። ስለዚህ «አንድ ዘመዴ በሳምንት አንድ ሲጋር ያጨሳል፤ ይጎዳው ይሆን?» አልኩት።

«ዘመድዎ ሀብታም ነው፣ ያ ሐጃ! እኛ ሲጋር የምናየው በሹም አፍ ላይ ነው» ብሎ ሳቀ፤ «ሐጃ» ሱዳኖች ትልቅ ሴት የሚጠሩበት ነው። ቀጥሎ ግን ቁም ነገሩን ነገረኝ። በየቀኑ ከሚያጨስ ሰው ጋር ሲተያይ የእሱ ጉዳት ያንሳል፤ ጉዳት የለውም ግን አይባልም። ጭሱን ወደ ውስጥ ባይስበው እንኳ አፍና ጉሮሮን ይጎዳል። ባዶ ሆድ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ከልጆችም ይራቅ። መተው ከሁሉ ይሻላል» አለኝ።

ከሁሉ በጆሮዬ የቀረው «ከልጆች ይራቅ» ያለው ነው። ጥሩወርቅ ወንድሟ በጠጣበት ጣሳ ትጠጣ ነበር። መርዙ በጣሳው የሚተላለፍ መሰለኝ። የዚያኑ ዕለት የደሳለኝን ጣሳ ለይቼ፣ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አስሬ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ለብቻዋ ሰቀልኳት። ልጄ አይቶ «እኔስ አሁን እንደ ሹም የራሴ ዋንጫ አለኝ» አለ እንጂ አልተቀየመኝም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ በመጠለያው የሳንባ በሽታ ገባ ተባለ። የሚያስላቸው ሰዎች ተለይተው ለምርመራ ራቅ ብሎ ወዳለው የፋው መጠለያ እንዲሄዱ ታዘዘ። ያን ጠዋት ዑስማን ወረቀቱን ይዞ በየድንኳኑ ሲዞር እኛ ዘንድ ደረሰ። ቄስ መንግሥቱ ቀድመውት መጥተው ጥሩወርቅን በመስቀል እየዳበሱ ነበር። ሎሪው መንገዱ ላይ ቆሟል።

ዑስማን ጣሳዋን አየና ፊቱ ተለወጠ። ሰው ዕቃ የሚለይለት የሳንባ በሽተኛ ነውና።

«ይቺ የማን ናት?»

«የልጄ ናት።»

«ለምን ለያችኋት?»

ቄስ መንግሥቱ ቀና ብለው አዩኝ። ትምባሆ ስለሚያጨስ ነው ማለት አቃተኝ። «ያስለዋል» አልኩ።

ደሳለኝ ቁረይሻ ሲያጭድ አቧራው ካሳለው በቀር ሳል አልነበረበትም። ዞር ብሎ አየኝ። ለምን እንደዋሸሁ ወዲያው ገባው፤ ቃሌን ሊያስከብርልኝ ፈለገ መሰለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኡህ! ኡህ!» እያለ ሳለ። ሳቅ እየታገለው ነበር።

ዑስማን ስሙን ጻፈ። «ምርመራ ብቻ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳል» አለኝ። የሰጠኝ ወረቀት በዓረብኛ ስለነበር ማንበብ አልቻልኩም።

«እምዬ፣ ፋው ሥጋ ይሰጣሉ አሉ፤ ወፍሬ እመጣለሁ» አለና ልጄ ሎሪው ላይ ወጣ። ቄሱ ባረኩት። ሾፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያጣድፍ እኔ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። አንድ ቃል ብናገር ይወርድ ነበር። ሎሪው ሄደ።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወርም ሞላ። ዑስማን ፋው ደርሶ ሲመለስ ጠየቅኩት። ደሳለኝ ተመርምሮ ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፣ በሦስተኛው ቀን ተለቀቀ፣ ወደ እኛ ልመለስ ብሎ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በእግሩ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። እኔም ፋው ሄጄ ድንኳን ለድንኳን ዞርኩ፤ በገበያውና በጥጥ እርሻው ጠየቅኩ። በዚያ ዘመን ያልተጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዘመዱን ይፈልግ ነበር።

ለቄስ መንግሥቱ እውነቱን ነገርኳቸው።

«እኔን ፈርተሽ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የምኖረው መተማ ነው። ጥሩወርቅ የልጆች እናት ሆናለች። እኔ ለልጄ ሳንባ መፍራቴ ስሕተት ነው አልልም፤ ዑስማንም ትምባሆ ደህና ነው አላለኝም። የሚቆጨኝ ከልጄ የበለጠ የሰው ዓይን መፍራቴ ነው። አንዳንድ ቀን ይህን ለራሴ ስነግረው ትንሽ ይቀለኛል። አንዳንድ ቀን ምንም አይቀለኝም።

በሰባ ሰባት ፋው የነበራችሁ፣ ወይም ከፋው ወደ ገዳሪፍ በእግራችሁ የተጓዛችሁ ሰዎች፣ ደሳለኝ የሚባል ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት የጎንደር ልጅ አግኝታችሁ እንደሆነ፣ የሆነውን ሁሉ፣ ክፉም ቢሆን፣ እባካችሁ በዚህ ጋዜጣ በኩል ንገሩኝ።