የኖርቤርቶ ገደኛ ኪኒን

«የደቡብ ኮከብ»ን የሚደግፍ ሰው ጤነኛ ነው የሚል ካለ፣ መጀመሪያ እሱ ራሱ ይመርመር። የእግር ኳስ ቡድኑ በቦነስ አይረስ ደቡብ ዳርቻ፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ተወሽቆ ሲልፈሰፈስ ዕድሜውን የፈጀ ነው። ደጋፊው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተደርድሮ ዳኛውን ከነዘር ማንዘሩ ይሰድባል፤ በእረፍት ሰዓት ደግሞ ስለ ድባቴ መድኃኒት ይከራከራል። እዚያ ሰፈር የአእምሮ ሐኪም የሌለው ሰው፣ ራሱን የጣለ ሰው ተብሎ ይታዘንለታል።

ፒዛ ጋጋሪው ኖርቤርቶ ኳሊያ ግን ሐኪም አልነበረውም። አንድ የክረምት ጠዋት ሊጡን አቡክቶ ሲያበቃ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ በቃ፣ መነሳት አቃተው። ቤት ወስደው አስተኙት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰነበተ። ሚስቱ ኔሊዳ መጀመሪያ «ይሄ ሰነፍ!» ብላ ነበር። ቅዳሜ መጥቶ «ስንት ለስንት ወጡ?» ሳይል ሲቀር ግን ክው አለች፤ ክንዱን ይዛ እየጎተተች ዶክተር ፔርላ ዋይስማን ዘንድ ወሰደችው። ዶክተሯ ፓሮክሰቲን የሚባል የድባቴ ኪኒን አዘዘችለት።

ከሳምንታት በኋላ ጺሙን ተላጨ። ይህን የሰሙት ጓደኞቹ፣ ጎማ ጠጋኙ ቲቶና ሥጋ ሻጩ ካቾ፣ መጥተው ከነፒጃማው ስታዲየም አደረሱት። ኖርቤርቶ ኪኒኑን ደረጃው ላይ በማቴ ሻይ ዋጠ። ያን ቀን ኮከብ አሸነፈ። ይኸው ነው ጉዱ! በሚቀጥለው ቅዳሜም ዋጠ፤ አሁንም አሸነፈ።

«ኪኒኑ ነው!» አለ ቲቶ። «ገዱ እሱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታው ሳይጀመር እዚሁ፣ ፊትህን ወደ ጎሉ አዙረህ ትውጣለህ።»

ቲቶ አንዴ ገድ ነው ካለ አለቀ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ለብሶት የነበረውን ካልሲ አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ሳያጥብ የቆየ ሰው ነው፤ ሚስቱ ትመስክር።

ካቾ ግን በኪኒኑ ቀና። «ምናለ የኔ ሰርትራሊን ገደኛ ቢሆን! የኔማ ሰሞኑን ሁሉ ሽንት ቤት ነው ያሳደረኝ። ሥጋ እየመዘንኩ፣ 'እመቤቴ፣ አንዴ ይጠብቁኝ' ብዬ ስሮጥ ደንበኛ አለቀብኝ።»

«ፍሉክሰቲን ብትወስድ አትሮጥም ነበር» አለ ቲቶ። «እኔን እይ! እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ጉልበት ነው። ጎህ ሳይቀድ ጓዳውን ቀለም ቀባሁት።»

«ማን ቅባ አለህ?»

«ማንም። ደግሞ አንድ ቀን ብትረሳው ምንም አይልህም፤ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። የኖርቤርቶ ግን ኩርፊያም ነው፤ አንዴ ከረሳኸው አናትህን ያዞረዋል።»

«አፌን ያደርቀዋል፤ ሆዴንም ነፍቶታል» አለ ኖርቤርቶ ቦርጩን እያሻሸ። «ግን ከግድግዳው አላቆኛል። ምን አባቱ!»

ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር። እሱን ኔሊዳ ተናገረችለት፤ ያውም ዶክተሯ ፊት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ዶክተር፣ ባሌን ከመቃብር አፋፍ መልሰውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሙሉውን አልላኩልኝም። ከወገብ በታች ያለው እዚያው ቀርቷል።»

ኖርቤርቶ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። «መድኃኒቱ ነው፤ የብዙዎች ችግር ነው። ወደ ሌላ ኪኒን፣ ወደ ቡፕሮፒዮን እንቀይራለን፤ እሱ በዚህ በኩል ይሻላል። ግን ቀስ እያልን። ፓሮክሰቲንን ድንገት ከተዉት ጭንቅላትዎ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነዝርዎታል።»

ጅሉ ኖርቤርቶ ሄዶ ለጓደኞቹ አወራ። ጉድ ፈላ! ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚያሳልፈው ፍጻሜ ሁለት ወር ቀርቶታል።

«አብደሃል?» አለ ቲቶ። «ከፍጻሜው በኋላ ቀይር! ኔሊዳ ይህን ሁሉ ጊዜ ታግሳ ሁለት ወር ያቅታታል?»

ኖርቤርቶ ሁለት ልብ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ናቸው ከነፒጃማው ተሸክመው ያወጡት፤ እንዴት እንቢ ይበላቸው? ደግሞ ለማንም ያልነገረው ፍርሃት ነበረው፤ ኪኒኑን ቢነካካው ያ ግድግዳ ተመልሶ ቢመጣስ? ቤት ገብቶ «ከፍጻሜው በኋላ» አላት።

ኔሊዳ ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ጣለችው። «ሜዳው ላይ ዐሥራ አንድ ሰው ሲሮጥ ለማየት ትከፍላለህ፤ እኔ አልጋ ላይ አንድ ሰው መንቀሳቀስ አቃተው! እንግዲያው ከኮከብህ ጋር ተኛ!» ትራሷን ታቅፋ እህቷ ቤት ሄደች።

ኖርቤርቶ ባዶ አልጋ ላይ ተኝቶ ግድግዳውን አየው። በማግሥቱ ለዶክተሯ ደውሎ «እንጀምር» አላት። እንዳለችውም ቀስ በቀስ ቀየረ፤ አናቱን ትንሽ ነዘረው፣ እጁን አላበው፣ ግን በእግሩ ቆመ። ኔሊዳም ትራሷን ይዛ ተመለሰች። ለቲቶ ግን ማን ይንገረው? ኖርቤርቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱን ወደ ጎሉ አዙሮ የሚንት ከረሜላ ይውጥ ጀመር።

የፍጻሜው ዕለት ኮከብ አንድ ለዜሮ እየመራ ቆየ፤ ከዚያ ዳኛው ሊያፏጭ ሲል ሁለት ጎል ተከታትሎ ገባበት። አለቀ። ከታመመ ጀምሮ ከኖርቤርቶ ዓይን እንባ የሚባል ወርዶ አያውቅም። አሁን ግን ወረደ፤ ወረደ ብቻ አይደለም፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ አነባ።

ቲቶ ዞረ። «ኪኒኑን ቀይረኸዋል፣ አይደል?»

«ቀይሬዋለሁ።»

«አንተ ከሃዲ! የሰፈሩን ሁሉ...» ቲቶ ኮሌታውን አንቆ ቡጢውን አነሳ። ከዚያ የኖርቤርቶን ፊት አየና እጁ አየር ላይ ቀረ። የራሱ የቲቶ ፊት አመድ መሰለ። «ካቾ... እያለቀሰ ነው። ተመለሰበት! በእመቤታችን፣ በሽታው ተመለሰበት! ውሃ አምጡ! ዶክተሯን ጥሩ! ኖርቤርቶ፣ ወንድሜ፣ ኮከብ ገደል ይግባ! አራተኛ ዲቪዚዮን ይውረድ! አንተ ብቻ እንዳትተኛብን!»

«አንተ አህያ!» አለ ኖርቤርቶ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ። «በመጨረሻው ደቂቃ ተሸንፈናል፤ ምን ላድርግ፣ ልሳቅ?»

ቲቶ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ አቀፈውና ከሱ ብሶ አለቀሰ፤ ካቾም ከላይ ተደረበባቸው።

ቢሆንም ደህና መሆኑን አላመኑም። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ቲቶና ካቾ የተለያየ ኬክ ይዘው የኖርቤርቶን በር አንኳኩ። መልስ የለም። ደገሙ። ኔሊዳ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ ጋውኗን በእጇ ሰብስባ በመስኮት ብቅ አለች።

«ኖርቤርቶስ?»

«አልጋ ላይ ነው።»

ካቾ አማተበ። «አልተነሳም? በዚህ ሰዓት?»

«አልተነሳም፤ አይነሳምም» አለች ኔሊዳ። «ያልተነሳው እኔ ስላልፈቀድኩለት ነው! ኬኩን ደጃፍ ላይ አስቀምጡና ጥፉልኝ!»

መስኮቱን ከመዝጋቷ በፊት ከውስጥ የኖርቤርቶ ድምፅ ተሰማ፤ «ክሬም ያለውን እንዳትነኩብኝ!»