ላንድሮቨሩ ላይ የታሰረው ድንኳን

ይህን ሳስታውስ ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። በደርግ ጊዜ አብርሃ ጅራ በሚባል የቆላ ከተማ የእርሻ ባለሙያ ሳለሁ ጊንጥ ስለምፈራ፣ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ትልቁን የሸራ ድንኳን መርጬ፣ ላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥሬ እዚያው እተኛ ነበር።

አንድ ቀን ድንኳኑን ከነፍራሹ ጠቅልዬ መኪናው ጣሪያ ላይ አሰርኩና ወደ ጎንደር ስነዳ፣ ሳንጃ ከተማ አጠገብ ሰሊጥ አጭደው የሚመለሱ ሠራተኞች ጥቅሉን አይተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እኔም መኪናውን አቆምኩ። ወባ የገደለው ሰው ሬሳ መስሏቸዋል።

«ነፍስ ይማር። አገሩ ወዴት ነው?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

መሬት ላይ ለሚያድሩ ሰዎች «አልጋዬ ነው» ማለት አሳፈረኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን «ጎጃም» አልኩ።

ሽማግሌው እንባቸውን ጠረጉ። «እኔም ጎጃሜ ነኝ። ብቻውንማ አይሄድም፤ ለናቱ አስረክበዋለሁ» ብለው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ።