የዘንድሮ ብናኝ በጥንት ድንጋይ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መውቀጥ ነበር። አለቃዬ ዶክተሯ የብረት ሙቀጫ ሰጡኝና «ሄር ደምሴ፣ አሲድ እንዳይነኩ» አሉኝ፤ ሄር በጀርመንኛ አቶ ማለት ነው። አልነካሁም፤ ዓይኔ ግን ከእጃቸው አልተነቀለም። የጠርሙስ ጽሑፍ እያነበብኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ሙያውን ጠቀለልኩት። ዛሬ ፍራንክፈርት ውስጥ ስፖር ከድንጋይ እንደ እኔ አጥርቶ የሚያወጣ ካለ ይምጣና እንየው።

ለወጣቶች ላስረዳ። ስፖር እንደ ፈርን ያሉ አበባ የሌላቸው ዕፅዋት ለመራባት የሚበትኑት ብናኝ ነው። አንዱ አሲድ የድንጋዩን ኖራ፣ ሌላው አሸዋውን ይበላል፤ የስፖሩን ቅርፊት ግን አይደፍሩትም። የተረፈውን በወንፊት አጥቦ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ስፖሩ የድንጋዩን ዕድሜና በዘመኑ የነበረውን ደን ይናገራል።

ሕንፃውን የሚጠብቀውና የሚጠግነው ሃውስማይስተር ተስፋይ የአስመራ ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ «ደምሴ፣ ዛሬም ድንጋይ እየቀቀልክ ነው? ሲበስል ጥራኝ» ይለኛል። «ጥርስህ አይችለውም» እለዋለሁ።

አንድ ጸደይ ከቁፋሮ የወጣ የመጨረሻ ቁራሽ ድንጋይ መጣ። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ ሌላ አይገኝም። ዶክተሯ ያ የድንጋይ ንብርብር ከሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የከሰል ዘመን ነው እያሉ ለዓመታት ተከራክረዋል። ማስረጃ ሊሆናቸው የሚችለው ይህ ቁራሽ ብቻ ነበር።

«ትንሽ ናት፤ ሁሉንም በአንዴ እንሥራው» አሉ።

«ገበሬ ዘሩን ሁሉ አይፈጭም» ብዬ ግማሹን አስቀረሁ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሲያዩ ፊታቸው ዳመነ። የማይክሮስኮፑን መስታወት የአበባ ብናኝ ሞልቶታል። በከሰል ዘመን ደግሞ አበባ የሚባል ነገር አልነበረም። ውጤቱን ሊሰማ የመጣው ያስቆፈረው ድርጅት መሐንዲስ «እንግዲያው ድንጋዩ የቅርብ ነው። ይጻፉልኝና ልሂድ» አለ።

እኔ ከማይክሮስኮፑ አልተነሳሁም። «ይህ ብናኝ እንደ ውሃ ጠርቷል። ምድር ውስጥ የከረመ ቡናማ ይሆናል» አልኩ። ዶክተሯ ደግመው አዩ። «ልክ ነዎት፣ የዘንድሮ ነው። ከየት ገባ?»

ተስፋይን ጠየቅሁት። «ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍቼ ሉፍተን አደርግላችኋለሁ። አየር አትፈልጉም?» አለ። ከጀርመን የባሰ ጀርመን ሆኗል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ቢርከ የሚሉት ዛፍ አብቧል።

«ሁለተኛ ይህን መስኮት ብትነካ ከድንጋዩ ጋር እቀቅልሃለሁ!»

«አርጅቻለሁ፣ አልበስልልህም» ብሎ የክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝ።

መሐንዲሱ «ሁለተኛው ግማሽስ ባዶ ቢሆን?» አለ።

«አናውቅም ብለን እንጽፋለን» አሉ ዶክተሯ።

መስኮቱን በፕላስተር አሸግሁ፤ ጠረጴዛውን ደጋግሜ ወለወልኩ። ድንጋይ የሌለበት ብርጭቆም ከጎኑ አስቀምጬ በዚያው አሲድና ውሃ ሠራሁት። ከውጭ የሚገባ ካለ እዚያም ይታያል።

ባዶው ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ወጣ። ከድንጋዩ ግን ቡናማ ስፖሮች ወጡ፤ ጀርባቸው ላይ ሦስት ጨረር የመሰለ ስንጥቅ አለ። ጥቂት ናቸው። ዶክተሯ ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው ቆዩና «የከሰል ዘመን ናቸው። ሄር ደምሴ፣ ይምጡ፣ ይዩ» አሉ። አይቻቸው ነበር፤ እንደገና አየሁ። መሐንዲሱም አየ፤ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ።

ያየኸው ነገር ከድንጋዩ መውጣቱን ሳታረጋግጥ ዕድሜ አትናገር።