የባንዳውን ድንጋይ የተሸከሙ አርበኛ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አያ ይስማውን ለምታውቁ ሁሉ፤

አናጢውና አርበኛው አያ ይስማው ማረፋቸውን የሰማሁት እዚህ ድሬዳዋ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ከቡሬ የመጣ ዘመድ ነገረኝ። ከቀብራቸው ባልደርስ፣ የማውቀውን ልጻፍ።

ለድሃ የሬሳ ሣጥን ሠርተው ዋጋ ሲጠየቁ፣ «እንጨቱ ተርፎኝ ነው» የሚሉ ሰው ነበሩ።

እኔ የማን ልጅ እንደሆንሁ ታውቃላችሁ። አባቴ በጣሊያን ጊዜ ባንዳ ሆኖ ለጠላት ጦር መንገድ መርቷል። መርቶ ባመጣው ጦር የአያ ይስማው ታላቅ ወንድም ሞተዋል። ከነጻነት በኋላ ማንም አልነካውም፤ ግን ማኅበር አይጠራም፣ ሰርግ አይጠራም፣ ተዝካር ቢሄድ ከደጅ ይመለሳል። እናቴ እስክትሞት እንግዳ አብልታ አታውቅም።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የአርበኞች መታሰቢያ እራት አዘጋጀ። በዱር የተበላው እንዲበላ፣ በዱር የሆነው በጨዋታ እንዲታይ ታሰበ። ዐቢይ ጾም ስለነበር በሶና አሹቅ በኮባ ቅጠል ሊቀርብ ሆነ። አያ ይስማው የእንጨት ጠመንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ። ባንዳውን ሆኖ የሚጫወት ሲጠፋ ግን «እኔ እሆናለሁ» አሉ።

«አርበኛ እንዴት ባንዳ ይሆናል?» ቢሏቸው፣ መላጊያቸውን ሳያቆሙ «ጠመንጃውንስ የእኛንም የእነሱንም ከአንድ ግንድ አይደል የምጠርበው» ሲሉ መለሱ።

እኔን ውኃ እንዳዞር ጠሩኝና «ማታ ብቻሽን እንዳትሄጅ፤ አባትሽ መጥቶ ይውሰድሽ» አሉኝ።

በዕለቱ አዳራሹ ሞላ። ሽለላው ሲደምቅ ሽማግሌዎቹ ዕንባቸውን እየጠረጉ ይስቁ ነበር። አያ ይስማው የጣሊያን ቆብ ደፍተው ብቅ ሲሉ፣ አንዱ ከኋላ «አያ፣ ባንዳነት አማረብዎት እኮ» አላቸው።

«ቆቡ ነው፤ ለአንተም ይበቃሃል» ሲሉት ቤቱ ሳቀ።

በልምምዱ፣ ባንዳው መጨረሻ ላይ በጩኸት ተባሮ ይወጣ ነበር። እሳቸው ግን ከወጡበት ተመለሱ፤ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከምግቡ ፊት ተንበረከኩ።

«ይቅር በሉኝ» አሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠጋ ብሎ «አያ፣ ጨዋታው ይኼ የለበትም» አላቸው።

«ያኔ ሳይሆን የቀረው ይኼው ነው።»

ድንጋዩን እንደተሸከሙ ጠበቁ። ለአርበኞች ስንቅ ያመላልሱ የነበሩት እመት አበቡ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት፤ «አውርደው ልጄ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አሉ። ሌሎቹም «ይቅር ይበልህ» እያሉ ተከተሉ።

አያ ይስማው ድንጋዩን አስቀምጠው በሩን ከፈቱ። አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ ደጅ ቆሟል። እጁን ይዘው አስገቡት።

«ይቅር ያላችሁት ይህን ነው» አሉ። «ወንድሜ የሞተብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ከእሱ ጋር እበላለሁ።»

ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። የቀሩት ተጠጋግተው ቦታ ሰጡ። አባቴ በሶውን መጨበጥ ቢያቅተው፣ አያ ይስማው ጨብጠው አጎረሱት።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ማኅበር ገባ። ሲሞት ሣጥኑን እሳቸው ሠሩ፤ አገሩ ተሸከመው።

አያ ይስማው፣ ከዚህ ከሩቅ አገር ለነፍስዎ ጧፍ አብርቻለሁ። አባቴ ቀድሞዎት ሄዷል። እግዚአብሔር በቸርነቱ አስገብቶት እንደሆነ ተስፋዬ ነው፤ ጠባዩን ስለማውቅ ግን አሁንም ደጅ የቆመ ይመስለኛል። ሲያልፉ ያዩት እንደሆነ፣ እንደዚያ ምሽት እጁን ይዘው ይግቡ።