የጠሃ ግራ ጎን

ሁሪያ መቀመጥ የማታውቅ ሴት ነበረች። ጥጥ ስትፈትል እንኳ ቆማ፣ እንዝርቷን እያሾረች ከበር ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ በር ትመላለሳለች። ጎረቤቶቿ «ምነው፣ መሬቱ ይፈጅሻል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። አብራ ትስቅና መመላለሷን ትቀጥላለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ወሎ፣ ወረባቦ ልጅ ሳለች እናቷ ውሃ ቅጂ ብላ ስትልካት ምንጩ ዳር ተቀምጣ ጨዋታ የምትጀምር፣ እንስራዋን ረስታ ፀሐይ የምትጠልቅባት ዘገምተኛ ነበረች። እረፍት ያጣችው መቀሌ ነው፤ እሱም የጣሪያ ወራጅ በባሏ ጭንቅላት ላይ ከወደቀ ወዲህ።

ባሏ ጠሃ ግንበኛ ነው። ጣሊያን መንገዱን ከደሴ ወደ ሰሜን ሲገፋ ድንጋይ ጠራቢ ሆኖ አብሮ ወጣ፤ ጣሊያን ተሸንፎ ሲሄድ ጠሃ መቀሌ ቀረ። የመቀሌን ድንጋይ ወደደው። እንደተደራረበ ቂጣ በገጽ በገጹ የሚነሳ፣ ለመዶሻ የሚታዘዝ ድንጋይ ነው ይል ነበር። ስለ ድንጋይ እንዲህ አሳምሮ ሲያወራ ሁሪያ አንዳንዴ ትቀና እንደነበር እኔ አልደብቅባትም። ከሸዋ መጥቶ የጨው ንግድ የያዘ አቶ ወልደአማኑኤል የሚባል ሰው ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር መጋዘን ሲያሠራ ዋናው ግንበኛ ጠሃ ሆነ። ባልና ሚስቱም በነጋዴው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥቷቸው ገቡ።

ወራጁ የወደቀው ጣሪያው ሲማገር ነው። ከላይ ያለው አናጢ ከታች የያዙለት መስሎት ለቀቀው፤ የያዘው ግን አልነበረም። የጠሃን ጭንቅላት በቀኝ በኩል መታው። ጠሃ ሰው ሳይለይ ሰነበተ። አቶ ወልደአማኑኤል በዚያን ጊዜ የሚያስነቅፍ ነገር አላደረገም፤ እውነቱ መነገር አለበት። ወጌሻ ጠራ፣ ማር ላከ፣ ሙክትም የእስላም እጅ እንዲያርደው ብሎ ከነነፍሱ ላከ። በኋላ ጠሃ ዓይኑን ገለጠ፣ ተናገረ፣ በእግሩ ቆመ። ቁስሉ ደረቀ፣ ጠጉርም በቀለበት። ሁሉም በየሃይማኖቱ ፈጣሪውን አመሰገነ።

ሁሪያን መጀመሪያ ያስደነገጣት ምሳ ነው። ጠሃ ትሪው ላይ ካለው እንጀራ በቀኝ በኩል ያለውን ጥርግ አድርጎ በላና «ይችው ናት?» አለ። የግራው ግማሽ ከነወጡ አልተነካም።

«ብላ እንጂ! እሱስ?» አለችው።

«የቱ?»

ፌዝ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ትሪውን ብታዞረው ያ ግማሽ ወደ ቀኙ መጣለትና «ከየት አመጣሽው?» ብሎ በደስታ መብላቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ ተገለጠላት። ጠሃ አልታወረም፤ መሬት የወደቀ መርፌ ያያል። የዓለም ግራ ጎን ግን ለእሱ የለም። ጋቢውን በቀኝ ትከሻው ብቻ ጣል አድርጎ ይወጣል። ከግራው መቃን ጋር እየተላተመ በሩን የሠራውን ሰው ይራገማል፤ በሩን የሠራው ራሱ ነው። መንገድ ላይ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ አይታጠፍም። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ እመለሳለሁ ብሎ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር ተገኘ፤ ያገኙትን ሰዎች «ይህን ከተማ ማን አዞረው?» እያለ ይቆጣቸው ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምንም እንደጎደለው አለማወቁ ነው።

እዚህ ላይ ሁሪያ ያደረገችውን ማንኛዋም የአገሯ ሴት ታደርገው ነበር፤ ገበናዋን ሸፈነች። የባል የጭንቅላት ሕመም ለጎረቤት አይወራም። ዛሬ «ትንሽ ይሳሳታል» ብለሽ ያወራሽው ነገ «ጂን ይዞታል» ሆኖ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ቤቱን ያሠራዋል? ስለዚህ በግራው በኩል ሆና መራመድ ጀመረች። ቦይ ሲመጣ፣ የጨው ግመል ሲመጣ በትከሻዋ ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ ትገፋዋለች። ሰው ይህን እያየ «እነዚህማ ሙሽሮች ናቸው» አለ። ኡሙሀኒ የምትባል የአጥር ጎረቤቷ በየማለዳው «ጠሃ እንዴት አደረ?» ትላታለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል» ትላለች ሁሪያ። ታዲያ ሥራ ለምን አይገባም ሲሏት «ወጌሻው ከባድ አታንሳ ብሎታል» ትላለች። ወጌሻው እንዲህ አላለም። አቶ ወልደአማኑኤልም ሲጠይቅ ያገኘው መልስ ይኸው ነበር። እየቆየ ማር መላኩን ተወ፤ ለዳነ ሰው ማር ማን ይልካል?

ግንቦት ሲያልቅ አቶ ወልደአማኑኤል በራቸው ላይ መጥቶ ቆመ። «ሁሪያ፣ ክረምቱ ሳይከብድ ሁለተኛውን መጋዘን ላስጀምር ነው። ጠሃ ከሠራ እሰየው። ካልሠራ ከአክሱም ሌላ ግንበኛ አስመጣለሁ፤ ክፍሉን ያን ጊዜ እፈልገዋለሁ።»

«ሰኞ እጀምራለሁ!» አለ ጠሃ ከውስጥ ሆኖ። ደስታው ሁሪያን አንጀቷን በላው።

በዚያ ሳምንት መመላለሷ ከወትሮው ባሰባት። ዝናብ እየመጣ ነው፣ ዘመድ ወሎ ነው፣ ፈትሏ እንኳን ለቤት ኪራይ ለዘይት አይበቃም። በመጨረሻ አቶ ወልደአማኑኤል ሱቅ ድረስ ሄደች።

«ካሳ እንዲቆርጡልን ነው የመጣሁት» አለችው። «የተመታው በእርስዎ ሥራ ላይ ነው። ክፍሉ አይወሰድብን፤ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስም ቀለብ ይስጡን።»

«ለየቱ ቁስል?»

«ላልዳነው።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ድኗል ያልሽኝ?» አለ አቶ ወልደአማኑኤል። በቁጣ አልነበረም፤ ከልቡ ተገርሞ ነበር።

ሰኞ ሲደርስ ጠሃን ከሥራ አስቀርታ ዳኛ ዘንድ ሄደች። ዳኛው ሰማትና ይህ በሽማግሌ የሚታይ ነገር ነው ብሎ መለሳት። ሽማግሌ ለመነች። ቀኑ ሲቆረጥላት ምን አደረገች መሰላችሁ? ባሏን በሳሙና አጥባ፣ ጢሙን አስተካክላ፣ ጋቢውን አንጥታ፣ በሁለቱም ትከሻው አስተካክላ አልብሳ፣ ሙሉ ሰው አስመስላ ይዛው ወጣች። አይ ሁሪያ! ሰው ፊት የሚቀርብ ባል እንዲያ ነው ተብላ ያደገች፣ መታመሙን በምታስረዳበት ቀን አሳምራው መጣች።

ሽማግሌዎቹ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ባለው፣ የአገሩ ሰው ዳዕሮ በሚለው ትልቅ ሾላ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አቦይ ምሩጽ የሚባሉ የአገሩ ሰው ናቸው፤ ከጎናቸው ሼህ አብዱልጀሊል አሉ። በእነሱ ዘንድ ቁስል በዓይን ታይቶ፣ በጣት ተዳስሶ ነው የሚፈረድበት። አቦይ ምሩጽ የጠሃን ጠጉር ገለጥ አድርገው ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም አያመኝም፣ አባቴ።»

«ዐጽሙ ገጥሟል» አሉ አቦይ ምሩጽ ለጓደኞቻቸው።

ኡሙሀኒ በምስክርነት ተጠራች። ሼህ አብዱልጀሊል ቁርኣን አስጨበጧት። «ምዬ አልዋሽም» አለች። «በየማለዳው ስጠይቃት ድኗል ነው የምትለኝ። እኔም በዓይኔ ሳየው ደህና ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚሄዱት።» ክፋት የላትም፤ ለወዳጇ መልካም የመሰከረች መስሏታል።

ቀጥሎ ጠሃ ተጠየቀ፤ ተበዳይ በገዛ አፉ መናገር አለበትና። «እኔ?» አለ። «እኔማ ደህና ነኝ፣ አባቶቼ! ሥራ የከለከለችኝ እሷ ናት። ዕቃዬን ስጡኝ፣ ዛሬ እጀምራለሁ።» የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። አቶ ወልደአማኑኤል «እንግዲህ ምን ልበል?» በሚል ዓይነት እጁን ዘረጋ።

አቦይ ምሩጽ ወደ ሁሪያ ዞሩ። «ስሚኒ ጓለይ፣ ስሚኝ ልጄ። ለጎረቤትሽ ድኗል ትያለሽ፣ ለእኛ ሕሙም ነው ትያለሽ። የትኛውን ሓቂ፣ የትኛውን እውነት እንበለው?»

ሁሪያ ስለ ትሪው፣ ስለ መቃኑ፣ ስለ መንገዱ ልታወራ ትችል ነበር። ግን ዓመቱን ሙሉ ስትዋሽ የከረመች ሴት ዛሬ እውነት ተናገረች ብሎ ማን ያምናታል? ሊመሰክርላት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም እስከ ዛሬ ከሰው ዓይን ስትጠብቀው ኖራለች። ክፍሉን ለማዳን ባሏን በአደባባይ ልትገልጠው ነው። ያ የማይቆም እግሯ በዚያች ሰዓት መሬቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ግድግዳ ይሥራላችሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቦይ ምሩጽ «ሕራይ፣ ይሁን» አሉ። ሰዎቹ ለአዲሱ መጋዘን በተቆፈረው መሠረት ላይ ሁለት ችካል ተከሉ፣ ገመድ ወጠሩ፣ በግራም በቀኝም ድንጋይ ከመሩ፣ ጭቃ አቦኩ። ጠሃ ጋቢውን ጥሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁሪያ በግራው በኩል አልቆመችም። ሄዳ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀመጠች፤ ልቧ ግን እዚያው ጎኑ ነበረ።

መቼም እጁ ምንም አልረሳም። ድንጋዩን ያገላብጠዋል፣ በመዶሻ ጠርዙን ነካ ያደርገዋል፣ ከቦታው ሲያስቀምጠው እዚያ የተፈጠረ ይመስላል። ከቀኙ ችካል ጀምሮ ማዕዘኑን በቱንቢ እየለካ ቀጥ አድርጎ አወጣው። አቶ ወልደአማኑኤል ፈገግ አለ፤ ሰውም «አበጀህ!» ማለት ጀመረ። ሁሪያ በዚያች ደቂቃ እኔ ነኝ የታመምኩት ይሆን ብላ አሰበች፤ እንዲያውም እንደዚያ በሆነ ብላ ተመኘች።

ግድግዳው ገመዱ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ጠሃ ወደ ቀኙ ተመልሶ ሌላ ረድፍ ደረበ፣ መሐል ሲደርስ አሁንም ተወው፤ እንደገና ደረበ። የቀረው ገመድ ባዶ መሬት ላይ እንደተወጠረ ነው። ጥቂት ቆይቶ የቀኙ ክምር አለቀ።

«ድንጋይ አቀብሉኛ! ምን ታያላችሁ?» ብሎ ጮኸ። የግራው ክምር እግሩን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊስቅ ጀምሮ አፉን ያዘ።

«ጠሃ፣ በግራህ አለልህ እኮ» አለ አቶ ወልደአማኑኤል።

ጠሃ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ኋላ አየ። «ይቀልዳሉ፣ ጌታው» አለና ከቀኝ በኩል ድንጋይ አስመጥቶ የመጨረሻውን ረድፍ ጨረሰ። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሥራውን ተመለከተ። ፊቱ በራ። «ይኸው አለቀ! ሁሪያ፣ እንዴት ነው?»

እዚያ ካለው ሰው ሁሉ መርጦ የጠየቀው እሷን ነው። ሁሪያ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ያምራል» ብትል ዛሬም ያምናታል፤ ነገ ግን ዝናብ ላይ ናቸው።

«ግማሽ ነው፣ ጠሃ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የሠራኸው ግማሹን ነው።»

«ሰው ፊት ልታዋርጅኝ ነው እንዴ ያመጣሽኝ?» አለ። ሁሪያ ሄዳ ቀኝ እጁን ያዘችና መዳፉን ከግድግዳው አናት ላይ አኖረችለት፤ ግንበኛ ረድፉ መስተካከሉን እንደሚዳስሰው አድርጋ። ከዚያ እጁን እየሳበች ወደ ግራ መራችው። መዳፉ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ተሻገረ፤ ጠሃም እያንዳንዱን ያውቀዋልና ራሱን ይነቀንቃል። መሐል ላይ ሲደርስ እጁ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ታች ወረደ። መለሰው። እንደገና ዳሰሰ፣ እንደገና ወረደ። ሦስተኛ አልሞከረም።

አቶ ወልደአማኑኤል ባርኔጣውን አወለቀና «አባቶቼ፣ ለመፍረድ አትድከሙ» አለ። «ክፍሉም ቀለቡም የእነሱ ነው። ይህን እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር።» አቦይ ምሩጽ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ፤ ፍርዱ ጸንቷል» አሉ፤ ኡሙሀኒም በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ሁሪያ የተንከራተተችለትን ነገር አገኘች፤ ማግኘቷን ግን ልብ አላለችውም።

ጠሃ ከግድግዳው አልተለየም። ጭቃ የያዘ እጁን ተመለከተና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቃት።

«ሁሪያ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ወራጁ ከመታህ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ» አለ ጠሃ፣ «ለሰውስ ይሁን፣ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ሁሪያ ለጎረቤት የሚሆን መልስ ነበራት፤ ለሽማግሌም አግኝታለች። ለእሱ የሚሆን ግን አላዘጋጀችም ነበርና ካላለቀው ግድግዳ ሥር ባዶው መሬት ላይ ተቀመጠች።