የሌንሳን ስልክ ያነሳሁ ቀን

ይህ የሆነው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ኅዳር ውስጥ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን መቱ ላይ ነው። ብዙ ዓመት ለማንም ሳልናገር ይዤው ቆየሁ። አሁን የምጽፈውም ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ባለፈው ወር ሱቄ ውስጥ አንድ ነገር አየሁና ከዚያ ወዲህ ውስጤ አላርፍ ስላለኝ ነው።

ሌንሳ ዳሪሙ ከሚባል ገጠር የመጣች ልጅ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ልትማር መቱ ስትመጣ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየች። እናቴ ወዲያው ወደደቻት። እኔም ወደድኳት፣ ውሸት ምን ይሠራል። ፀጉር እንሠራራለን፣ አንድ ሳህን ላይ እንበላለን፣ እኔ አማርኛዋን አርማለሁ፣ እሷ በኦሮምኛዬ ትስቃለች።

ጥፋቴ ኪነት ቡድን ውስጥ ማስገባቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ የምንለማመድ ወጣቶች ነበርን፤ እሷ እስክትመጣ ድረስ ዘፋኟ እኔ ነበርኩ። ድምፅ አወጣጥ ያስተማርኳትም ራሴ ነኝ። ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ ሆዷን በጣቴ እየነካሁ ነው ያሳየኋት። በሁለተኛው ዓመት ግን ሰው አዳራሽ የሚመጣው ለሌንሳ ሆነ። ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች፣ አሮጊት ሆና ስትጫወት ሰው ሳቁን መያዝ ያቅተዋል። በአማርኛ የጀመረችውን በኦሮምኛ ትጨርሰዋለች። እኔ ቆሜ ከመዝፈን ሌላ አላውቅም፤ እግሬ እንጨት ነው።

የቡድናችን ኃላፊ ጋሼ ታደሰ አንድ ቅዳሜ፣ «ሙሉ፣ አንቺ ከኋላ ሆነሽ ተቀበያት» አሉኝ። እርር ድብን አልኩ። ፈገግ ብዬ ተቀበልኳት፤ ቤት ስንገባ ግን ያዋስኳትን ሹራብ መልሺልኝ አልኳት። አጥባ፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

ከዚያ ከአዲስ አበባ አሠልጣኞች መጡ። ከየቡድኑ አንድ ሰው መርጠው በነፃ ሊያሠለጥኑ ነው። ሥልጠናው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የሦስት ወር የድምፅ ሥልጠና፣ ሌላው የስድስት ወር ሙዚቃዊ ቲያትር፤ ዘፈኑም፣ ጭፈራውም፣ ትወናውም በአንድ መድረክ። ያለፈው ሰው ከሁለቱ የሚፈልገውን ይመርጣል። ፎርም ሞላን፣ ተፈተንን፣ ውጤቱን በስልክ እንነግራችኋለን ብለውን ሄዱ።

ሌንሳ ስልክ አልነበራትም። ያኔ ከገጠር መጥቶ የሚማር ልጅ ሁሉ ፎርም ላይ የሚሞላው የአከራዩን ወይም የሰፈሩን ባለሱቅ ስልክ ነው። ባለስልኩ አደራ አለበት። ከተደወለ ሮጦ ይጠራል፣ ልጁ አገር ቤት ከሄደ በመኪና መልእክት ይልካል። ሌንሳ የእኔን ቁጥር ሞላች። አላስፈቀደችኝም፤ ማስፈቀድም የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም።

ኅዳር ሲገባ ቤተሰቦቿን ለቀማ ልታግዝ ዳሪሙ ሄደች። ስትሄድ ደጋግማ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። ከደወሉ ለዳሪሙ መኪና ሾፌር እንድነግረው፤ እሱ ለወንድሟ ያደርሳል። ካለፈች ሙዚቃዊ ቲያትሩን ነው የምትመርጠው። ካላለፈች ግን አባቷ ከዚህ በላይ መቱ አያስቀምጧትም፤ አገሯ ገብታ መቅረቷ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፤ ሌንሳን ፈለገቻት። የለችም፣ መልእክት ካለ እነግራታለሁ አልኩ። አልፋለች፣ እንኳን ደስ ያላት፣ የትኛውን ሥልጠና እንደምትመርጥ እስከ ነገ ታሳውቀን፣ አለበለዚያ ተጠባባቂዋን እንጠራለን አለች።

ተጠባባቂዋ ማን ናት ብዬ ጠየቅኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ሴትየዋ የእኔን ስም ጠራች።

እጄ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቆምኩ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ የዳሪሙ መኪና የሚነሳው ስድስት ሰዓት ላይ። ጊዜ ሞልቶ ነበር።

«ሌንሳ ትታዋለች» አልኩ። «ሐሳቧን ቀይራ አገሯ ገብታለች።»

ሴትየዋ በጣም አዘነች። ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ቀጥላ፣ የተጠባባቂዋም ስልክ ይሄው ቁጥር ነው፣ ተሳስተን መዝግበን ይሆን አለችኝ። አልተሳሳታችሁም፣ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ ሙሉ እኔ ነኝ አልኳት። በቃ ተያዝኩ ስል፣ እንግዲህ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ የትኛውን እንደምመርጥ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ነው በራሴ የምስቀው። ለእኔ የሚሆነው የድምፅ ሥልጠናው ነበር። አፌ ግን «ሙዚቃዊ ቲያትር» አለ። ቦታዋን ስወስድ ምርጫዋንም አብሬ ወሰድኩት።

ሌንሳ በሳምንቱ መጣች። እኔ ማለፌን ብቻ ነገርኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ከዚያ ክፍሏ ገብታ ቆይታ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። የምሄድ ዕለት ሻንጣዬን ይዛ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። መድረክ ላይ የምታስረውን መቀነቷን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ስጨፍር ወገቤን እንዲይዝልኝ። ተቀበልኳት። እንዲያውም ቀለሙ ከእኔ ይልቅ እሷ ላይ ያምራል ብዬ ቀናሁ።

አዲስ አበባ ስድስት ወር ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ። ዘፈኑን ስይዝ እግሬ ይጠፋኛል፣ እግሬን ስይዝ ግጥሙ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ያቺው የደወለችልኝ አሠልጣኝ ለብቻዬ ጠራችኝ። ልታጽናናኝ ነው። ሌንሳ ፎርሟ ላይ «ማን አስተማረሽ» ለሚለው ጥያቄ ስሜን ጽፋ ኖሯል። እነሱም ይህችን ልጅ ያስተማረች አንድ ነገር ይኖራታል ብለው ነው በተጠባባቂነት የያዙኝ።

እሱን ስሰማ ተጸጸትኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን ንዴት ነው። አጠገቤ ሳትኖር እንኳ የገባሁት በእሷ በኩል ነው!

የምስክር ወረቀቴን ይዤ መቱ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ለሰው ፎርም እሞላለሁ። ሌንሳ ዳሪሙ ገብታ ብዙ ዓመት ቆየች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ኋላ ከባሏ ጋር ጎሬ መጣች። እዚያ ትምህርት ቤት ልጆች እየሰበሰበች ቲያትር በዘፈን ታሠራለች። ማን አሠለጠናት? ማንም።

ዓምና የትምህርት መዝጊያ ላይ ጠራችኝና ሄድኩ። ልጆቹ ሲዘፍኑ፣ ሲጨፍሩ፣ ወላጅ ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እንደ ድሮው ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ! ያን ያህል ከቀናሁ አይቀር ብዬ መሰለኝ፣ ሰው ሲበተን የትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም። «ምን ቀን ነበር የደወሉት?» ብቻ አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ገበያ ነበርኩ» አለች። «መኪናው ሲደርስ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ፤ ምንም አልተላከልሽም አለኝ።»

ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «ሀ ተኡ» አለች፣ ይሁን ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላም አልራቀችኝም። መቱ በመጣች ቁጥር ጎራ ትላለች፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እናቴን ትጠይቃለች። ይቅር አለችኝ ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር የወንድሟን ልጅ ይዛ መጣች። ልጅቷ ለቲያትር ሥልጠና ልትመዘገብ ነው፣ እኔ ፎርሙን በኮምፒዩተር እየሞላሁላት። ስልክ የሚለው ጋ ስንደርስ ሌንሳ የራሷን ቁጥር ሰጠችኝ። ፎርሙ ግን መቱ ከተማ የሚኖር አንድ ተጠሪ ደግሞ ይጠይቃል። ልጅቷ ምንም አታውቅ፣ «የእትዬ ሙሉን እንጻፍ?» አለች።

ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

«ቆዪ» አለቻት ሌንሳ። ወጥታ አስፋልቱን ተሻገረች። ፊት ለፊቴ የጋሼ ከድር ሱቅ ነው፤ ሳሙናና ስኳር የሚሸጡ፣ ከሰላምታ በቀር ከሌንሳ ጋር የማይተዋወቁ ሰው ናቸው። ቁጥራቸውን በቁራጭ ካርቶን አጽፋ ተመለሰች። ቀስ ብላ አነበበችልኝ፣ ጻፍኩ። ከዚያ መልሼ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ስልኬ ኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጧል።

አመስግናኝ፣ ጉንጬን ስማኝ፣ ልጅቷን ይዛ ሄደች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጋሼ ከድርን አየኋቸው። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ ስልካቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በሌንሳ ስቀና ኖሬ፣ ያን ዕለት በጋሼ ከድር ቀናሁ።